የግቢያችን አጥር፦ የትኛውን የሴዳር እንጨት እንግዛ? የእሁዱን ፕሮፖዛል አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ወገኖቼ፣ እሁድ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ፕሮፖዛል እስካሁን "120 ጫማ የሴዳር አጥር" ይላል በቃ። እዚህ ሲያትል ሴዳር ብቻ ብሎ መጻፍ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፣ ዋጋው እንደ ደረጃው የትና የት ነው የሚለያየው። ጋሼ እርስዎ የእንጨት ሰው ነዎት፣ እስቲ ይጀምሩልን።

ጋሼ አናጢው፦
እሺ ልጄ። ባለፈው ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ ዝግባ ስትሉት ሰማሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ የሊባኖስ ዝግባ ስለሚል ነው መሰለኝ፣ ይሄ ግን ዌስተርን ሬድ ሴዳር ነው ሌላ ዛፍ፣ እንደውም ዘመዱ የኛው ጥድ ነው፣ አባቶቻችን ምስጥ አይደፍረውም ብለው ለአጥር ቋሚ የሚመርጡት። ወደ ደረጃው ስመጣ ክሊር የሚሉት ኖት የሌለው ነው፣ ኖት ማለት ቅርንጫፉ የበቀለበት ክብ ቦታ፣ ታይት ኖት ደግሞ ኖት አለው ግን ጥርቅም ብሎ የተያዘ፣ ከዛ በታች ያለው ኖቱ የላላ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ደረጃው በአብዛኛው የሚያወራው ስለ መልክ ነው። መበስበስን የሚከላከለው ግን ቀዩ የእንጨቱ ልብ ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ያ አቅም የለውም። እኔ ቤቴ ላይ ደርሶብኛል፣ ረከሰልኝ ብዬ ጥቅሉን ሳልፈታ ጭኜ መጣሁ፣ በአራተኛው ዓመት የሳንቃውን ግርጌ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ውሃ እንደጠጣ ዳቦ ገባልኝ፣ ነጩ ጠርዝ ብቻ፣ እዛው ሳንቃ ላይ ያለው ቀዩ ግን ንክች አላለም። ኖቱም ወልቆ እንቁላል የሚያሳልፍ ቀዳዳ ትቶ ሄደ። እና ነጭ የበዛበት ክሊር ከምትገዙ ቀይ የሆነ ታይት ኖት ግዙ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ቋሚውም አግዳሚውም ሴዳር መሆን አለበት? ካዝናው አይችልም እኮ።

ጋሼ አናጢው፦
የለበትም። ቋሚው አፈር ውስጥ ስለሚቀበር ለመሬት ተብሎ በመድኃኒት የታከመ 4 በ 4 ኢንች የሚባለው ይሁን፣ አግዳሚውም የታከመ ይሁን፣ ሴዳሩ ሳንቃው ብቻ። ሳንቃው ከመሬት 2 ኢንች ከፍ ይበል። ሚስማር ላይ ግን እንዳትቆጥቡ አደራ፣ ተራ ሚስማር ሴዳሩ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ዝናብ በመታው ቁጥር ጥቁር መስመር ነው የሚያወርደው፣ በዚንክ የተነከረ ወይ የማይዝገው ስቴይንለስ ይሁን።

የልጆች ኮሚቴ፦
ልጆቹ የሚጫወቱበት በኩል ያለው 30 ጫማስ ክሊር ቢሆን? ሁሌ አጥሩን እየዳበሱ ነው የሚሮጡት፣ ስንጥር እንዳይወጋብን ፈራሁ።

ጋሼ አናጢው፦
እውነትሽን ነው የኔ እመቤት ማሰብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ስንጥር የሚመጣው ካልተላገው ፊት ነው እንጂ ከኖቱ አይደለም። አንድ ፊቱ የተላገ ሳንቃ እንገዛና ለስላሳውን ወደ ልጆቹ እናዞራለን፣ ጠርዙን እኔ በብርጭቆ ወረቀት እሄድበታለሁ።

ጸሐፊዋ፦
እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፣ አርሙኝ፦ "ሳንቃው ዌስተርን ሬድ ሴዳር፣ ታይት ኖት፣ ቀዩ የበዛበት፣ አንድ ፊቱ የተላገ። 6 ኢንች የሚባለው ትክክለኛ ስፋቱ 5 ተኩል ስለሆነ ለ120 ጫማ 262 ይበቃል፣ ለሚበላሸው አስር በመቶ ጨምረን ወደ 290። ቋሚና አግዳሚ የታከመ እንጨት።" ጋሼ በሳንቃዎቹ መሃል ክፍተት እንተው?

ጋሼ አናጢው፦
እርጥብ ከሆነ አጠጋግታችሁ ምቱት፣ በበጋ ሲደርቅ ራሱ ይከፈታል።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ መስመር ጨምሪበት እህቴ፣ ጥቅሉን ፈትተን አንድ በአንድ እንድንመርጥ ካልፈቀደ ሻጭ አንገዛም የሚል። ዋጋውን ደግሞ ሳንቃውን ለብቻ፣ የታከመውን ለብቻ፣ ሚስማሩን ለብቻ አርጊልኝ፣ ጉባኤው ላይ መጀመሪያ የምጠየቀው እሱን ነው። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፒክአፑን ይዤ ከቤትዎ ልውሰድዎትና ሁለት ቦታ ዋጋ እንጠይቅ?

ጋሼ አናጢው፦
ከቅዳሴ መልስ ይሁን፣ ደጅ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።