ሐዋሳ ላይ የሃሎዊን ኩኪስ ልጋግር ብዬ አከራዬ ተቆጡ፤ ምን ላድርግ?

የናኒ እናት፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሚኒሶታ ጠቅልለን ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። ልጆቹ ሐዋሳን ወደዋታል። ትምህርት ቤቱን ለምደዋል፤ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ ስንበላ አጥንቱን ከኔ በተሻለ ይለቅማሉ። ጥቅምት ሲገባ ግን ናኒ “ሃሎዊን መቼ ነው?” ማለት ጀመረች። ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ጣፋጭ የሚለምኑበት፣ እዚያ ተወልዳ ያደገችበት በዓል ነው። ትታው የመጣችው እኔ አገሬ ልግባ ስላልኩ ነው። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ለጎረቤት ልጆች ትንሽ ድግስ አሰብኩ። ቤት ለቤት መዞር የለም። የሸረሪት ድር፣ የሌሊት ወፍ፣ የዱባና የጎስት (የሙት መንፈስ) ቅርጽ ያለው ኩኪስ እጋግራለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስጌጡታል። ይኸው ነው።

ዕቃው አስቸገረኝ። ጥቁር የምግብ ቀለም ፈልጌ አጣሁ፤ ያገኘሁት ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነው። ቅርጽ ማውጫ የለኝም። ኦቭኑ የጋዝ ነው፤ የሙቀቱ ቁጥር ከላዩ ጠፍቷል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ናኒ ከካርቶን አጽም ቆርጣ በረንዳ ላይ ሰቀለች። አከራያችን እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩት። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው “ይሄ ምንድን ነው?” አሉ። ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። “በማርያም ቀን፣ በጽጌ ጾም፣ ግቢዬ ውስጥ የሙት አጥንት አይሰቀልም። ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ” አሉኝ። ሃሎዊን የሚውለው ጥቅምት 21፣ በማርያም ቀን ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ዓርብ ላይ ነው የዋለው።

እማማን እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ናኒ ያተኮሳት ለት አብረውኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው። የኪራይ ውላችን በቃል ነው። ላስቀይማቸው አልፈልግም፣ ልጄንም ላሳዝን አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቶሮንቶ

የናኒ እናት፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ስለ እማማ ሌሎች ይምከሩሽ፤ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ ኬክ ቤት ነው የምሠራው፤ ከመስከረም ጀምሮ ሥራችን ይኸው ኩኪስ ነው።

400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላል። ቤኪንግ ፓውደር አትጨምሪ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ከዚህ ይልቅ በኃይል ይነፋል፤ ያኔ የሌሊት ወፍሽ ክንፉ ጠፍቶ ድቡልቡል ይሆናል። ቅቤው ከገበያ የገዛሽው ለጋ ከሆነ ውስጡ ውሃ አለው። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢውና በደንብ ጨምቂው። ሊጡን ዳምጠሽ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይው፤ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ነው ቅርጹ ጠርዙን የሚይዘው። ማውጫ አያስፈልግሽም። ለሸረሪት ድር ብርጭቆ ይበቃሻል። ሌላውን ወፍራም ወረቀት ላይ ሥለሽ፣ ቆርጠሽ፣ ሊጡ ላይ አስቀምጠሽ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን መከተል ነው።

ኦቭኑ 180 ዲግሪ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከጠፋ በስኳር ለኪው። ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ፎይል ላይ አድርገሽ ሩብ ሰዓት ውስጡ አቆይው። ከቀለጠ ሙቀቱ በዝቷል፤ እሳቱን ትንሽ ቀንሰሽ በሌላ ስኳር ሞክሪ። ልክ መቅለጡን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ስትደርሺ አግኝተሽዋል። ከዚያ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፤ ጠርዙ መቅላት ሲጀምር አውጪው።

አሁን ዋናው። ዓርብና ጽጌ ጾም ካልሽ ለምን የጾም አታደርጊውም? በቅቤው ፋንታ 160 ግራም ዘይት ይበቃል፤ ቅቤ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እጅ ብቻ ነው ስብ። እንቁላሉን ትተሽ ሊጡ እስኪያያዝ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት። ለማስጌጫው የሽምብራ ውሃ ተጠቀሚ። ሽምብራ ዘፍዝፈሽ አሳድረሽ ቀቅይው። የተቀቀለበት ውሃ ሲቀዘቅዝ እንደ እንቁላል ነጭ ይወፍራል፤ በሚክሰር ስትመቺው አረፋ ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያው የአንድ እንቁላል ነጭ ምትክ ነው። ፈረንጆቹ ይህን ያወቁት በእነሱ አቆጣጠር ከ2014 እና ከ2015 ወዲህ ነው፤ እኛ ስንት ዘመን ስንደፋው ኖረናል! ስኳሩን በብሌንደር ፈጭተሽ በወንፊት ነፍተሽ፣ ትንሽ ሎሚ ጨምቀሽ ከአረፋው ጋር ምቺው። ጥሬ እንቁላል ለልጆች ስለማይመከርም ይኼ ይሻልሻል።

ውፍረቱን እንዲህ እይው፦ ቢላ ጎትተሽበት መስመሩ በ10 ወይም 15 ሰኮንድ ውስጥ ከጠፋ ለመሙያ ደርሷል። ለጠርዝ ማስመሪያ ግን ከዚያ ይወፍር። የሸረሪት ድር ስትሠሪ ነጩን ሞልተሽ፣ ሳይደርቅ በጥቁር ክብ በክብ አስምሪበት። ከዚያ በስቴኪኒ ከመሀል ወደ ዳር ሳብ ሳብ። ልጆች በጣም የሚወዱት ይኼን ነው።

ጥቁሩን በካካዎ ጀምሪ። ካካዎ ጨምረሽ ቡናማ ካደረግሽው በኋላ ቀዩንና አረንጓዴውን ቀላቅለሽ ጨምሪበት። ክዳን አድርገሽ አሳድሪው፤ ቀለሙ እያደረ ይጠቁራል።

ከዲሲ የተመለሰው፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ከኩኪሱ በፊት ውልሽን አስተካክይ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ የክልል ከተሞችን በተመለከተ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ክፍለ ከተማሽ ሄደሽ ጠይቂ። “ሌላ ቤት ፈልጊ” የሚል ቃል በቁጣ ተነግሮ ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ መውደቅ የለበትም።

ሌላም ልጨምር። ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጪላቸው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራሉ፣ ሲያድጉም ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ። መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን አይቻልም። ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው ቪዛው ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ አሁኑኑ ጀምሪ።

የአቶቴ ልጅ፣ ካልጋሪ

ወንድሜ፣ ምክርህ ጥሩ ነው። ግን ልጅ ስታተኩስ አብረው ያደሩ እናት ላይ አዋጅ ይዞ መሄድ ልክ አይመስለኝም። እማማ ቤት ቡና አፍልቶ መነጋገር ነው የሚሻለው። አጽሙን አውርጂና ሽማግሌ ሳያስፈልግ ራስሽ ግቢ።

እኔ ጽሑፍሽን ሳነብ የጥቅምት ሐዋሳ ነው የመጣብኝ። እዚህ አሁን በረዶ ጀምሯል። ዛሬ እናቴ ደውላ “በጥቅምት አንድ አጥንት” አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኛል፤ ለቅርጫው ላክ ነው። ላክሁ። ወዲያው ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። የአክስቴ ልጅ ባጃጁ ተበላሸ አለ። የዚህ ወር ኪራዬ ገና አልተከፈለም። ልጆቼ ደግሞ ለሃሎዊን ልብስ ይጠብቃሉ፤ አንድ ለት ተለብሶ ለሚጣል ልብስ። የትኛውን እምቢ ልበል? እናንተ እንዴት ነው የምታመዛዝኑት?

ማርታ፣ ስቶክሆልም

የአቶቴ ልጅ፣ አይዞህ። እኔ በየወሩ አንድ መጠን ቆርጬ ለእናቴ ብቻ ነው የምልከው፤ ለማን እንደሚሰጥ እሷ ትወስናለች። መጀመሪያ ተቀየሙኝ፣ በኋላ ለመዱት። ልብሱን ደግሞ አሮጌ አንሶላ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብታወጣለት ጎስት ይሆናል፤ ምንም አታወጣም።

የናኒ እናት፣ እኔ ያደግሁት መካነ ኢየሱስ ነው። ለእኛ ኦክቶበር 31 ማርቲን ሉተር በ1517 ዘጠና አምስቱን ነጥቦች ያወጣበት ቀን ነው። ቀኑ የሰይጣን ብቻ ተደርጎ ሲወራ አልወድም። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ሰሞን ለልጆች የመኸር ድግስ ያዘጋጃሉ። ኩኪሱ ዱባ፣ ቅጠል፣ ፖም ይሆናል። ጎስቱን ብትተዪው እማማም ይረጋጉ ነበር።

የገብርኤል ደጅ ልጅ፣ ዳላስ

እኔ በግልጽ ልናገር። እማማ ትክክል ናቸው። አሜሪካ ስኖር በየዓመቱ የሰው ግቢ ውስጥ የመቃብር ሐውልትና የራስ ቅል አያለሁ። እዚያ የሰው አገር ነው፣ ዝም እላለሁ። ሐዋሳ ገብርኤል ለታኅሣሥና ለሐምሌ ንግሥ ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ናት። ያቺ ከተማ አጽም መስቀል ልትማር አይገባም። የጾም ኩኪስ መባሉም ነገሩን አይለውጠውም። ጾም ዘይትና ቅቤ መለየት ብቻ አይደለም። በጽጌ ጾም፣ በማርያም ቀን፣ ለሙታን መንፈስ ድግስ?

የመናኸሪያ ልጅ፣ ደብሊን

ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው። እኔ የምኖረው በዓሉ በተነሳበት አገር ነው። አይርላንድ ውስጥ ሃሎዊን መኸር ተሰብስቦ ክረምት የሚገባበት ሰሞን ነው። ድሮ የሚቀርጹት ዱባ ሳይሆን ተርኒፕ የሚባል ሥር ነበር። ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ሲወድም ብዙ ሕዝብ ተርቦ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ባህሉንም ይዞ ሄደ። ዱባ እዚያ በሽ በሽ ስለነበር ተርኒፑ ቀረ። በማግስቱ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ድሆችና ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ለሞቱት ይጸልዩና ትንንሽ ኬክ ይሰጣቸው ነበር። ይኼ ከተዝካር ምን ያህል ይርቃል? ስደተኛ ይዞት የሄደ በዓል ነው። እኛም ስደተኞች ነን፣ ይገባናል።

የጉዱማሌ ልጅ፣ ሐዋሳ

ስለ ሐዋሳ ስታወሩ እኛንም አትርሱን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ “አይዴ ጫምባላላ” ይላሉ። በየገቡበት ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ቡርሳሜ ይበላሉ። ባዶ የሚመልስ ቤት የለም። ዩኔስኮ በፈረንጆች 2015 የመዘገበው በዓል ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት እንገባ ነበር። ይህች ከተማ የሰው ልጅ በር ሲያንኳኳ መክፈት ታውቅበታለች። የናኒን በዓል የፈራነው አዲስ ስለሆነ ነው።

የገብርኤል ደጅ ልጅ፣ ዳላስ

ጫምባላላን ከዚህ ጋር አታወዳድር። እሱ የአያቶችህ ነው፤ አዛውንቶች ኮከብ ቆጥረው ቀኑን የሚያስታውቁት በዓል ነው። ሃሎዊን የማን አያት ነው?

የጉዱማሌ ልጅ፣ ሐዋሳ

የናኒ ልጅነት ነው። ይኼ አይበቃም?

የናኒ እናት፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እባካችሁ በእኔ የተነሳ አትቀያየሙ። አጽሙን ትናንት አወረድኩት፤ ናኒ አልቅሳለች። ማታ ለእማማ ቡና አፈላሁ። ስለ ቤቱ ምንም አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። የሽምብራውን ነገር ስነግራቸው ግን “እስቲ አሳዪኝ” አሉ። ቀቅለን አብረን መታነው፤ ጥጥ የመሰለ አረፋ ሆነ። ማንኪያውን ገልብጠው ሲያዩት ጠብ አላለም። “እውነት እንቁላል የለበትም?” እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ።

ድግሱን ወደ ቅዳሜ ላዛውረው አስቤያለሁ። ግን ቅዳሜ ይሁን ሲሉም አይሁን ሲሉም አልሰማኋቸውም። ደግሜ ልጠይቃቸው ወይስ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ልውሰደው? ዳቦ ጋጋሪዋ፣ በዘይት ያቦካሁት ሊጥ ደግሞ ስዳምጠው ይሰነጠቃል። ምን ላድርግ?

ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቶሮንቶ

በሁለት ላስቲክ መሀል አድርገሽ ዳምጪው፣ አንድ ማንኪያ ውሃም ጨምሪበት። በዘይት የተሠራ ሊጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤው ስለማይጠነክር ቀጭን ነገር አትቁረጪ። የሌሊት ወፉን ተይው፤ ዱባና ክብ ይበቃሻል።

የገብርኤል ደጅ ልጅ፣ ዳላስ

አጽሙ መውረዱ ደስ ብሎኛል። እማማን ግን ደግመሽ ጠይቂያቸው፤ በገዛ ግቢያቸው ነው። የተቆጣሁበትንም ልንገራችሁ። እዚህ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሃሎዊን ስንት ቀን እንደቀረው ይቆጥራሉ፤ ቡሄ መቼ እንደሆነ አያውቁም። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ግን በዙሪያቸው የሚያደርገው ሰው የለም። ልጆቼን አገር ቤት ስወስዳቸው ያላዩትን እንዲያዩ ነው የምፈልገው። እዚያም ያንኑ ዱባ ካገኙ ምን አሳያቸዋለሁ?

የመናኸሪያ ልጅ፣ ደብሊን

ይኼን መጀመሪያ ብትል ኖሮ አልከራከርህም ነበር። ግን መልሱ የናኒን ኩኪስ መከልከል አይደለም። በነሐሴ ሙልሙል ጋግር፤ የሰፈርህን አበሻ ልጆች ሰብስብ፤ ጅራፍ አስጩህ። እኛ ደብሊን ውስጥ ጥቂት ቤተሰብ ሆነን ጀምረናል።

የገብርኤል ደጅ ልጅ፣ ዳላስ

ዳላስ ውስጥ ጅራፍ ባስጮህ ፖሊስ ይጠራብኛል። ሙልሙሉን ግን እሞክራለሁ። ስለ ሃሎዊኑ አሁንም አልተስማማሁም።