ለታመመች የሦስት ሳምንት ጫጩት እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ከማሳድጋቸው 12 ጫጩቶች አንዷ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታና ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ትቆማለች። ዛሬ ጠዋት ኩሷ ላይ ደም ስላየሁ ኮክሲዲዮሲስ (በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ) ሳይሆን አይቀርም ብዬ ሰግቻለሁ፤ በሽታው በእርጥብ ጉዝጓዝ እንደሚበረታ እያወቅሁ ውኃ የፈሰሰበትን ሰጋቱራ ሁለት ቀን ሳልቀይር መቆየቴ እጅግ ይቆጨኛል።

ለይቼ በካርቶን ካስገባኋት በኋላ፣ ሲሞቃት ፈቀቅ እንድትል አምፖሉን በአንድ በኩል ብቻ አንጠልጥዬላታለሁ። መኖ አትነካም። ውኃ ግን የምንቃሯን ጫፍ ሳስነካላት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎንጭታ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ተስፋ የሰጠኝም ይኸው ነው።

ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የገዛሁት የአምፕሮሊየም (የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት) ዱቄት ከትልቅ ማሸጊያ ተቀንሶ በላስቲክ ስለተሰጠኝ መመሪያ የለውም፤ በእስክሪብቶ «20 በመቶ» ተብሎ ብቻ ተጽፎበታል። ቫይታሚን ቢ1 የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያዳክም እሰጥ የነበረውን ቫይታሚን አቁሜያለሁ።

የእንስሳት ሐኪሞችና ልምድ ያላችሁ አርቢዎች፣ በአንድ ሊትር ውኃ ስንት ግራም በጥብጬ ለስንት ቀን ልስጣት? ምልክት ያላሳዩት 11ዱስ አብረው መጠጣት ይኖርባቸዋል? እስከ ማታ ራሷ ካልጠጣች በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጠብ ባደርግላት ትን ይላት ይሆን ብዬ ፈርቻለሁና እባካችሁ አሠራሩን አስረዱኝ።