በዶልፊን ውስጥ የገጠምኩት የኤልኢዲ ስትሪፕ ሦስት ሦስት እያለ ይጠፋብኛል

የምሽት ሹፌር (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደሴ ኮምቦልቻ በዶልፊን ሚኒባስ ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። የጣሪያው አምፖል ብርሃኑ ደካማ በመሆኑ፣ ከመሸ በኋላ ረዳቴ መልስ የሚቆጥረው በስልኩ መብራት ነበር። ስለዚህ ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት 5 ሜትር ነጭ የኤልኢዲ ስትሪፕ ገዝቼ፣ ፖዘቲቩን ከጣሪያው መብራት ሽቦ፣ ኔጌቲቩን ደግሞ በማጥፊያ በኩል ከመኪናው ብረት ጋር አገናኝቼ ዙሪያውን ለጠፍኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊቱን ቀን አስመስሎት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስት ሦስት አምፖል በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ማጥፊያው ተረስቶ ባደረበት ዕለትም መኪናው ጠዋት ተገፍቶ ነው የተነሳው። ባለሱቁ «ችግሩ መኪናህ ነው» ይለኛል፤ ኤሌክትሪሺያኑ «ዕቃው ነው» ይላል። ማናቸው ልክ ናቸው? እንደ ፋብሪካው መብራት በሩ ሲዘጋ እንዲጠፋ ማድረግስ ይቻላል?

ሽቦ ፈቺ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውዎታል። ስትሪፑ ላይ 12 ቮልት ተብሎ ቢጻፍም፣ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ነው። በተለመደው ነጭ ስትሪፕ ውስጥ ሦስት ኤልኢዲዎች ከረንት ከምትገድብ ከአንዲት ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ይታሰራሉ፤ ከሦስቱ አንዷ ስትቃጠል ሦስቱም አብረው የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስቱ 9 ቮልት ገደማ ስለሚወስዱ በ12 ቮልት ለሬዚስተሯ 3 ቮልት ያህል ይተርፋታል፤ በ14.4 ግን ከ5 በላይ ይደርስባታል፣ የሚያልፈው ከረንትም ወደ እጥፍ ይጠጋል። እጅዎን ቢያስነኩት ሙቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። መፍትሔው ባክ ኮንቨርተር የሚባለውን ቮልት መቀነሻ አስገብቶ ወደ 11.5 ቮልት ማስተካከል ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት ቢቀንስም ዕድሜው ይረዝማል።

ርዝመቱም በዝቷል። በሜትር 60 አምፖል ያለው 5050 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል፤ 5 ሜትሩ 72 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 6 አምፔር ነው። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በስሌት በ10 ሰዓት ባዶ ያደርገዋል፤ ሞተር ማስነሣት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው። በሜትር 4.8 ዋት የሚወስደውን 2835 የሚባል ዓይነት ቢገዙ፣ ሁለት ሜትሩ ለሚኒባስ ይበቃል። ከረንት ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠውን ፊውዝ ማስገባትዎን አልጻፉም፤ ካልገባ፣ ከጣሪያው ጨርቅ ሥር የተላጠ ሽቦ ብረት ሲነካ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

የሐረጎ መንገደኛ፦
አብሽር፣ ሁላችንም አቃጥለናል። እኔ የምጨምረው ስለ ዓይን ነው። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ስትወርድ የኋላው ነጭ ብርሃን በፊት መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ መንገዱን ይጋርድብሃል፤ ተሳፋሪው ሲደሰት አንተ ታውራለህ። ስለዚህ ጋቢናውን ከዙሪያው አውጣው፤ ስትሪፑን ከወንበርህ ጀርባ ጀምረው፣ ቀለሙንም 3000 ኬልቪን የሚባለውን ሞቅ ያለ ቢጫማ አድርገው። የራሱ ማጣበቂያም በጣሪያ ጨርቅ ላይ አይቆይም፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሎ የተሳፋሪ ራስ ላይ ወርዶብኝ ያውቃል። በአሉሚኒየም መያዣ ውስጥ አስገብተህ በብሎን አስረው።

የምሽት ሹፌር (ደሴ)፦
እናመሰግናለን። ፊውዝ በእርግጥ የለውም፤ ነገ ሳላስገባ አልነዳም። የበሩ ነገር ግን አልተመለሰልኝም።

ሽቦ ፈቺ (ኮምቦልቻ)፦
ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። በብዙ ቶዮታዎች የበሩ ማጥፊያ የሚቆርጠው ኔጌቲቩን ነው፤ እርስዎ ግን ኔጌቲቩን በራስዎ ማጥፊያ በኩል ከብረቱ ስላሰሩት በሩ ስትሪፑን አያውቀውም። ከበሩ ማጥፊያ የሚመጣውን ሽቦ በቴስተር ፈልገው የኮንቨርተሩን ኔጌቲቭ መግቢያ እሱ ላይ ያስሩ፤ የስትሪፑ ኔጌቲቭ ከኮንቨርተሩ መውጫ ብቻ ይሂድ፣ ብረት አይንካ። ሲዘጋ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ከቀረ አይደንግጡ፤ በሽቦው የሚያልፍ ጥቂት ከረንት ነው። ይህን አንብቦ በአይሱዙ ላይ ሊሞክር ያሰበ ካለ ግን ቆም ይበል፤ የብዙዎቹ የጭነት አይሱዙዎች መስመር 24 ቮልት ነው።