እሁድ ከደሴ ኮምቦልቻ 21 ኪሎ ሜትር አለ፣ እኔ ግን ዝግጅት የለኝም። ልሂድ ወይስ ልቅር?

የሌሊት ተረኛ፦

ሰላም ጀማዓ። የሰፈራችን የጤና ቡድን እሁድ ጠዋት ከደሴ ተነስቶ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሊገባ ነው። የምንነሳው ከከተማው መውጫ ስለሆነ ግማሽ ማራቶን፣ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል ተብሏል። እመጣለሁ ብዬ ስሜን ያስገባሁት ክረምት ላይ ነው፣ ያኔ ጉልበቱም ጊዜውም ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ ሰው አነሰና የሌሊት ተራ ተደራረበብኝ (ነርስ ነኝ)። ጠዋት ስወጣ ዱብ ዱብ እላለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ነኝ። በአንድ ጊዜ የሮጥኩት ረጅሙ 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም ወደ ቦሩ ሜዳ መስመር ላይ። የዚህ ሳምንት የመጨረሻ ተረኝነቴ ደግሞ አርብ ማታ ነው።

ጓደኞቼ "መንገዱ እኮ ቁልቁለት ነው፣ እግርሽ ራሱ ይወስድሻል" ይሉኛል። እውነት ይወስደኛል? ሰዓት የማስመዝገብ ሐሳብ የለኝም። ሰኞ ግን ቆሜ መሥራት አለብኝ።

ጦሳ ሥር፦

እንዲህ ያሉሽ ሰዎች ሀረጎን በሚኒባስ እንጂ በእግር አያውቁትም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ ወርደሽ ነው የምትገቢው። ትንፋሽ ብዙም አይቸግርሽም፣ እንዲያውም ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ይቀልልሻል። ጉዱ ያለው ጭን ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ የፊት የጭን ጡንቻ በየእርምጃው እየተለጠጠ ክብደትሽን እንደ ፍሬን ይይዛል፣ ይህን ያልለመደ ጡንቻ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ተንኮሉ ያን ቀን ብዙም አለመሰማቱ ነው። ሕመሙ የሚበረታው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። እሁድ ኮምቦልቻ እየሳቅሽ ትገቢያለሽ፣ ሰኞና ማክሰኞ የሥራ ቦታሽን ደረጃ ወደ ኋላ ዞረሽ ትወርጃለሽ።

ቅሪ ግን አልልሽም። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ቶሎ ቶሎ አድርጊው፣ ወደ ኋላ አትንጋለዪ፣ ተረከዝሽን ከፊትሽ አርቀሽ አትትከይ። የእግር ጥፍርሽን ቅዳሜ ቁረጪ፣ የጫማሽን ማሰሪያም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርጊው፣ አለዚያ እግርሽ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አውራ ጣትሽ ይጠቁራል። አዲስ ጫማ በጭራሽ።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ። ስትደክሚ አይደለም፣ ገና ሳትደክሚ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያፍረው፣ "ገና ሳንጀምር ትሄዳለች እንዴ" እንዳይባል ይሮጣል፣ ከዚያ 14ኛው ላይ ቁጭ። በአማካይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ብትሄጂ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሳይሞላ ትገቢያለሽ። ሯጩ ዮሚፍ ቀጄልቻ እ.ኤ.አ. በ2024 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶኑን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው የጨረሰው፣ እሱ ገብቶ ሻወር ወስዶ ቁርሱን ሲበላ አንቺ ገና ሀረጎ ላይ ነሽ። ምን ችግር አለው?

ወይዘሪት ቧንቧ ውሃ፦

እኔ ሀረጎን የማውቀው በማስታወክ ብቻ ነው 😂 በእግር የሚወርድ ሰው መኖሩን ዛሬ ሰማሁ። በርቺልን።

ዝም ያለው፦

አይዟችሁ ባዩ በዝቷልና እኔ ሌላውን ልበል። እሷ እኮ ያልተዘጋጀች ብቻ አይደለችም፣ እንቅልፍ ያጣች ናት። ሁለቱ ይለያያል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያው ፍጥነት ከወትሮው ከብዶ ይሰማዋል፣ ትኩረቱም ይቀንሳል። መንገዱ ደግሞ የጫካ መንገድ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው ዋናው አስፋልት ነው፣ ሲኖትራኩ በየጠመዝማዛው ይወርዳል ይወጣል። ፈዘዝ ያለ ሰው እዚያ ላይ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቶ ሲሮጥ አስቡት።

የምትሄጂ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ ትንሽ ሰዓት ብቻ ተኚ፣ ቀኑን ሙሉ ከተኛሽ ማታ ዓይንሽ አይከደንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ግቢ። በግራ ጠርዝ ሩጪ፣ መኪናው ፊት ለፊት ይታይሽ። ብቻሽን እንዳትሆኚ። እሁድ ስትነቂ ትኩሳት ወይም የሰውነት ቁርጥማት ካለ ግን አለቀ፣ ተመልሰሽ ተኚ። ሌላ እሁድ አለ።

ፋርማሲው፦

ነርስ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ፣ ለሌላው አንባቢ ልጻፈው። "እንዳያመኝ" ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ውጣችሁ አትነሱ። ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊት ላይ ጫና ነው፣ ደግሞ ቁም የሚላችሁን ሕመም ይደብቅባችኋል። ውሃም ሲጠማችሁ ነው የሚጠጣው። ብዙ ሰው ውሃ ማነስን ብቻ ነው የሚፈራው፣ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በየደቂቃው ከተጎነጨ ግን በደሙ ያለው ሶዲየም ወርዶ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደረት ላይ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከመጣ ጨዋታው አልቋል፣ መኪና ላይ።

ቁርስ ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ የለመዳችሁትን። በሶ ለለመደው የሚስተካከለው የለም፣ ላልለመደው ግን የውድድር ቀን አይሞከርም። ኪስ ውስጥ ጥቂት ተምር ያዙ።

የሌሊት ተረኛ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። @ዝም ያለው ያልከው ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም። የሰኞን ተራ ከአንዷ ባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩ፣ ረቡዕ ነው የምገባው። ጎረቤቴም አብራኝ ልትሮጥ ነው፣ እሷም እንደኔ ናት። አራት ለአንዱን እንይዛለን። የቀረኝ ጥያቄ፦ ከኋላ የሚከተል መኪና አለ ብለውናል፣ ግን ስንት ሰዓት ነው መነሳት ያለብን? አስተባባሪው ጠዋት 2 ሰዓት ይላል።

ኮምቦልቴው፦

2 ሰዓት? አብሽሪ እህቴ፣ ግን አስተባባሪያችሁ ኮምቦልቻን ረስቷታል። አንቺ በምትሄጂበት አካሄድ 5 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው የምትደርሺው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ፣ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ። 12 ሰዓት ልክ ሲነጋጋ ተነሱ በይው፣ መኪናም ያኔ ቀለል ይላል። ደሴ ጉም ስለሚሆን ሰው ጃኬት ደርቦ ይመጣል፣ ሀረጎን ሳታጋምሱ ያልባችኋል፣ ስለዚህ ጃኬቱን ስትነሱ መኪናው ላይ ጣሉት። ጉሙ ካልገፈፈ ግን ሹፌሮቹ አያዩአችሁምና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እምቢ ካለሽ ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔ እደውልለታለሁ።