የሩጫ ሰዓታችሁ በስልክ በኩል መናገር ካቆመ፦ ከመቀየራችሁ በፊት የምትሞክሩት (ጥቆማ)

ሰዓቱን ገና አትቀይሩት። ሰሪ ጋም አትውሰዱት።

ሰሞኑን ሦስት የሩጫ ጓደኞቼ በየተራ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሰዓቱ በየኪሎ ሜትሩ ፔሱን (አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሮጥኩ) በኢርፎን ይነግረኝ ነበር፣ አሁን ዝም ብሏል፣ ምን ላድርግ? እኔም አምና ሁለት ወር ሙሉ በዚሁ ነገር ተቸግሬያለሁ። አንድ ሱቅ "ተበላሽቷል፣ በአዲስ ቀይረው" ብሎኝ ብር ለማውጣት ጫፍ ደርሼ ነበር። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። ድምፁን ያጠፋው ስልኬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የሩጫ ሰዓቶች ስፒከር የላቸውም፣ ራሳቸው አይናገሩም። ሰዓቱ ቁጥሩን በብሉቱዝ ስልካችሁ ላይ ላለው አፕ ይልካል፣ አፑ ቁጥሩን ወደ ንግግር ይቀይረዋል፣ ስልኩ ደግሞ ወደ ኢርፎናችሁ ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሀል ላይ ነው፣ አፑ ጋ።

ጋርሚን በሚባለው ሰዓት ላስረዳ፣ ጓደኞቼም እኔም የያዝነው እሱን ስለሆነ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፣ መሮጥ አያስፈልግም። ሰዓቱ ላይ የሜኑ ቁልፉን ተጭናችሁ ቆዩ፣ ኦዲዮ ፕሮምፕትስ (የድምፅ መልእክቶች) የሚለውን ፈልጋችሁ ግቡና ላፕ አለርትንና ታይመር ኢቨንትስን አብሩ። ላፕ አለርት በየኪሎ ሜትሩ ወይም የላፕ ቁልፉን ስትጫኑ የሚናገረው ነው። ታይመር ኢቨንትስ ሩጫውን ስትጀምሩና ስታቆሙ የሚናገረው ነው። ከዚያ ሩጫ ጀምሩ። ከተናገረ የላፕ ቁልፉን ተጫኑ፣ አሁንም ከተናገረ ሰዓታችሁ ጤነኛ ነው፣ ስልካችሁም መናገር ይችላል ማለት ነው። ቤት ተናግሮ መንገድ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዝም ካለ ግን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ስልኩ ነው፤ ስክሪኑ ሲጠፋና ኪስ ሲገባ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን ይዘጋዋል።

የእኔ ችግር ይሄ ነበር። መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አፕስ የሚለውን፣ ከዚያ የሰዓቱን አፕ ጋርሚን ኮኔክትን፣ ከዚያ ባትሪን ክፈቱና "አንሪስትሪክትድ" (ያለ ገደብ) አድርጉት። በቅርብ የተከፈቱ አፖች የሚታዩበት ገጽ ላይም አፑን መቆለፍ የሚፈቅዱ ስልኮች አሉ፣ ካለው ቆልፉት። ቴክኖና ኢንፊኒክስ የያዛችሁ ፎን ማስተር የሚባለውን አፕም እዩ፣ ጽዳት ሲሠራ ከጀርባ ያሉትን አፖች ይዘጋል። ሻኦሚ ላይ ደግሞ አውቶስታርት የሚባል ለብቻው የሚበራ ነገር አለ። ዶንት ኪል ማይ አፕ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ለየስልኩ ዓይነት የት ገብታችሁ ምን እንደምትነኩ ተዘርዝሯል፣ እኔን ያወጣኝ እሱ ነው። እና እባካችሁ ከሩጫ በፊት "ራም ላጽዳ" ብላችሁ ሁሉንም አፕ ጠርጋችሁ አትዝጉ፣ አፑንም አብራችሁ ትዘጉታላችሁ።

ቤት ውስጥም ካልተናገረ ሌላ ነገር ነው። ስልኩና ሰዓቱ መገናኘታቸውን እዩ። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ "ኒርባይ ዲቫይስስ" የሚል ፈቃድ መጥቷል፣ አፑ እሱን ካላገኘ ከሰዓቱ ጋር አይገናኝም። ድምፁን የጥሪውን ሳይሆን የሚዲያውን ከፍ አድርጉ፣ ሙዚቃ ከፍታችሁ እየሰማችሁ ብታስተካክሉት ይቀላል። እዚያው ኦዲዮ ፕሮምፕትስ ውስጥ ቋንቋ መምረጫም አለ፤ ነክታችሁት ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱትና እንደገና ሞክሩ።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ሙዚቃ የሚይዝ ሰዓት፣ ለምሳሌ የጋርሚኑ ፎርራነር 165 ሚዩዚክ ወይም 265 ካላችሁና ኢርፎኑን ከሰዓቱ ጋር አገናኝታችሁት ከነበረ፣ ንግግሩ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ኢርፎኑ ነው፣ በስልክ በኩል አያልፍም። ስልኩን ስትወቅሱ ኢርፎኑ ከሰዓቱ ጋር ሊሆን ይችላል። የቱ ጋ እንደተያያዘ ለዩ።

አሁን ወደ ግዢው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "የትኛው ይሻላል" ብሎ ነው፣ እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስልክ ይዘህ ነው የምትሮጠው ሳትይዝ ነው ብዬ ነው። ስልክ ይዛችሁ የምትሮጡ ከሆነ ውድ ሰዓት አያስፈልጋችሁም። ፎርራነር 55 እና ሙዚቃ የሌለው 165 በስልክ በኩል ያንኑ ይነግሯችኋል። ፖላር የሚባለው ሌላው የሰዓት ዓይነትም በፖላር ፍሎው አፕ በኩል ተመሳሳይ ነገር አለው። ስልክ ቤት ትታችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ሙዚቃ የሚይዘው ሰዓት ላይ ብር ጨምሩ፣ ያዋጣል። በ2025 የወጡት ፎርራነር 570 እና 970 ስፒከርም አላቸው፣ ግን ለዚህ ብቻ ብላችሁ ያን ያህል አትክፈሉ። አፕል ዎች ጥሩ ይናገራል፣ አንድሮይድ ለያዘ ሰው ግን አይሆንም፣ አይፎን የግድ ነው። ዎርካውት በዲ የሚባለው፣ እየሮጣችሁ የሚያነጋግራችሁ የአፕል ዎች አገልግሎት ደግሞ አፕል ኢንተለጀንስ የሚችል አይፎን አጠገባችሁ እንዲሆን ይፈልጋል፣ አሮጌ አይፎን ላይ አትጠብቁት።

ገና ለጀማሪ ደግሞ ምንም ሰዓት አትግዙ እላለሁ። ናይክ ራን ክለብ ወይም ስትራቫ ስልክ ላይ ጭናችሁ ሩጡ። ኪሎ ሜትሩን ይነግሯችኋል። ሦስት ወር ሳታቋርጡ ከሮጣችሁ ያኔ ስለ ሰዓት እናወራለን።

ኢርፎን ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፤ ጆሮ የሚደፍን አትጠቀሙ። እኛ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመኪና ጋር መንገድ የምንጋፋ ሰዎች ነን፣ ታክሲው ከኋላ ሲመጣ መስማት አለብን። እንጦጦ የምትወጡ ደግሞ ውሻም ጅብም አለ። ጆሮ የማይደፍን፣ ከጆሮ ፊት አጥንት ላይ የሚቀመጥ ዓይነት፣ ሾክዝን የመሰለ፣ ይሻላል። ለዚያ አቅም ከሌለ ባለ ገመዱን አንዱን ጆሮ ብቻ አድርጉ።

እኔ ለዚህ ድምፅ ይህን ያህል የምጨነቀው ለቅንጦት አይደለም። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ሥር አለ። ሰዓት ላይ ዓይን ሲያርፍ እግር ይስታል፣ ጉልበቴን የላጥኩት እንደዚያ ነው። ሲነግረኝ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ይሆናል።

ለታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ደግሞ የፔስ ማስጠንቀቂያውን አጥፉና የልብ ምቱን አብሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ቀላል የነበረው ፔስ እዚህ ያስለከልካል። ድምፁ ልባችሁ ከመጠን በላይ እየመታ እንደሆነ ሲነግራችሁ ቀስ በሉ፣ 10 ኪሎ ሜትሩ ብዙ ነው።

የት ልግዛ ለምትሉ፣ በተቻለ መጠን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አስመጡ፣ ደረሰኙን ከነሳጥኑ ይዞ። ቦሌና መርካቶ ያሉ ሱቆች ቶሎ ይገኛሉ፣ ዋስትናቸው ግን ብዙ ጊዜ በቃል ነው፣ ስለዚህ በጽሑፍ አጽፉ። ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ሰው ከሆነ ብሩን ቀድማችሁ አትላኩ፣ በአካል ተገናኙ። የትም ቢሆን ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሰዓቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ከአፑ ጋር አገናኙት፣ ሩጫ ጀምሩ፣ የላፕ ቁልፉን ተጫኑ፣ ድምፁን በራሳችሁ ኢርፎን ስሙት። ያገለገለ አፕል ዎች ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ አውጥቶት እንደሆነ ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ። ካልወጣ በናንተ ስልክ አይሠራም፣ ሻጩ ቢምልም አትቀበሉት።