የመረጃ ጥያቄዬ «ሰፊ ነው» ተብሎ ተመለሰ፤ አሁን ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የተማሪ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት እድሳት ተጀምሮ መሀል ላይ ቆመ። ጣሪያው ተነሥቶ ሁለት ክፍሎች ተዘግተዋል። ልጆቹ ተጨናንቀው ነው የሚማሩት። ሥራውን ማን ወሰደው? ስንት ተከፈለው? ለምን ቆመ? የሚነግረን ጠፋ። ስለዚህ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት በጽሑፍ ጠየቅሁ። ያልኩት ይህን ነው፦ «ስለ ትምህርት ቤቱ እድሳት ያለው መረጃ በሙሉ እንዲሰጠኝ፣ ሥራው ለምን እንደቆመና ጥፋቱ የማን እንደሆነም እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ሰባት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥያቄዬ «እጅግ ሰፊ» ነው ይላል። ውሉ ደግሞ «የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር» ስለያዘ አይሰጥም ይላል። ስደውል «ለመሆኑ ለምን ፈለጉት?» ተባልኩ። መልስ አጥቼ ስልኩን ዘጋሁት።

ይግባኝ ልበል ወይስ አስተካክዬ እንደገና ልጻፍ? ለምን እንደፈለግሁትስ መናገር አለብኝ? የንግድ ምስጢር የሚሉት ነገርስ እውነት ነው? እባካችሁ የሠራበት ሰው ይንገረኝ። ልጄ በየቀኑ እዚያ ነው የምትውለው።

መልስ፦ የመዝገብ ቤት ሰው

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተቀብዬ መልስ የማዘጋጀው ሰው ነበርኩ። እስቲ ደብዳቤሽ መሥሪያ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ቁጥር ይሰጠዋል። ኃላፊው አይቶ ወደ አንድ ክፍል ይመራዋል። እዚያ አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ያ ሠራተኛ ሲያነበው መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ የቱ ፋይል ውስጥ ነው?» ብሎ ነው። ያንቺ ደብዳቤ «መረጃ በሙሉ» ስለሚል መልሱ «አራት ክፍል ውስጥ» ነው። ግዥ ክፍል ግንባታ ክፍልን ይጠብቃል። ግንባታ ክፍል ፋይናንስን ይጠብቃል። ማንም «የኔ ነው» አይልም። ሰባት ሳምንቱ እንዲህ ነው ያለቀው ብዬ እገምታለሁ።

ሌላው ችግር «ጥፋቱ የማን እንደሆነ» ያልሽው ነው። የመረጃ ሕግ የሚሰጥሽ መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ያለ ሰነድ ነው። የጥፋት ፍርድ በሰነድ ካልተጻፈ እንዲጽፉልሽ አይገደዱም። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤውን የያዘውን ልጅ አስፈርታዋለች። ከሥር ያለ ሠራተኛ የሚዘገየው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። «ይህን ያወጣው ማነው?» ተብሎ መጠየቅን ይፈራል። ሰነዱን በስሙ ከጠራሽለት ግን «የተጠየቅሁትን ነው የሰጠሁት» ማለት ይችላል። እሱንም ትከላከይለታለሽ።

የግንባታ ሥራ ብዙ ወረቀት ይወልዳል። ስማቸውን ያዢ። የጨረታ ግምገማ ቃለ ጉባኤ አለ፤ ተቋራጩ እንዴት እንደተመረጠ ያሳያል። ውሉና አባሪው የሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነድ አለ፤ ስንት መስኮት፣ ስንት ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ተብሎ የተጻፈው እዚያ ነው። የክፍያ ሰርተፍኬት አለ፤ ተቋራጩ ሠራሁ ያለውን አማካሪ መሐንዲሱ አረጋግጦ የፈረመበት ነው። የለውጥ ሥራ ትእዛዝ አለ፤ ከውሉ ውጭ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ሥራ። የሳይት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አለ። እና ሥራ ሲቆም የሚለዋወጡት ደብዳቤ አለ። «ለምን ቆመ?» ለሚለው መልሱ ያለው እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውስጥ ነው። እነሱን ጠይቂ፣ ማብራሪያ አትጠይቂ።

ስታስገቢ ቅጂሽ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ። ገቢ ቁጥሩን ጻፊው። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ አልገባም ከተባለ መከራከሪያ የለሽም።

መልስ፦ ጠበቃዋ

ጋሼ ስለ ሰነዱ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ሕጉ ልጨምር። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ያንቺን አዋጅ ከፊትሽ አድርገሽ አንብቢ። ግን መሠረቱ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው።

ምክንያት የመናገር ግዴታን በተመለከተ፣ በአብዛኛው የለም። የህንድ የ2005 ሕግ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጠያቂው ምክንያት እንዲሰጥ አይጠየቅም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ስዊድን ደግሞ ከዚያም አልፋ ትሄዳለች። የመንግሥትን ሰነድ የማየት መብት በዓለም መጀመሪያ በሕግ የተጻፈው እዚያ ነው፣ በ1766። ዛሬም ባለሥልጣኑ ሰነዱ ምስጢር መሆን አለመሆኑን ለመወሰን ካላስፈለገው በቀር ማን እንደሆንሽና ለምን እንደፈለግሽው መጠየቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በስልክ «ለምን?» ሲሉሽ በትሕትና «ምክንያት መግለጽ በሕጉ ግዴታ ከሆነ አንቀጹን በጽሑፍ ይላኩልኝ» በያቸው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ህንድ 30 ቀን ትሰጣለች። የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት የሚነካ ከሆነ 48 ሰዓት ነው። ብሪታንያ 20 የሥራ ቀን ነው። በብዙ ሕጎች ቀኑ ካለፈ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል፣ ይግባኝ ለማለት ደብዳቤ መጠበቅ የለብሽም። ያንቺም ሕግ እንዲህ የሚል ከሆነ ሰባቱን ሳምንት በከንቱ ነው የጠበቅሽው። ለወደፊቱ ቀኑን አስልተሽ ማስታወሻ ያዢ።

«ሰፊ ነው» የሚለው አንዳንዴ እውነተኛ ምክንያት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ፍለጋው ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከ24 ሰዓት ሥራ፣ ለሌሎቹ ከ18 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ከሆነ እምቢ ማለት ይችላሉ። ነገር ግን ያው ሕግ መሥሪያ ቤቱ ጠያቂውን እንዲመክርና እንዲያግዝ ያስገድደዋል። «ሰፊ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት አይበቃም፣ እንዴት እንደሚጠብ መናገር አለበት። ያንቺም ሕግ ተመሳሳይ አንቀጽ ካለው ይግባኝሽ ላይ ጥቀሽው።

አሁን ወደ ንግድ ምስጢሩ። ይህ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ምክንያት ነው። እውነተኛ የንግድ ምስጢር አለ፤ ለምሳሌ የአንድ ፋብሪካ የአመራረት ቀመር። ግን ለሕዝብ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ የተከፈለ ጠቅላላ ዋጋ ምስጢር ሊሆን አይገባም። ስሎቫኪያ ከ2011 ጀምሮ የመንግሥት ውሎች በኢንተርኔት ካልወጡ በቀር ተፈጻሚ እንዳይሆኑ አድርጋለች። እዚያ ውሉ ሳይታተም ሥራ ላይ አይውልም። ውሉ ውስጥ በእውነት ምስጢር የሆነ መስመር ቢኖር እንኳ ያ መስመር ይጥቆር፣ ቀሪው ይሰጥ። ይህ የመነጠል ደንብ በአብዛኛው የመረጃ ሕግ ውስጥ አለ። ብዙ ሕጎች ደግሞ የሕዝብ ጥቅም ሚዛን አላቸው፤ ከምስጢሩ ጉዳት የመግለጹ ጥቅም ከበለጠ ይገለጻል። ከልጆች መማሪያ ክፍል ጣሪያ በላይ ምን የሕዝብ ጥቅም አለ?

ቺሊ ውስጥ ማርሴል ክላውዴ ሬየስና ጓደኞቹ በ1998 ስለ አንድ ትልቅ የደን ኢንቨስትመንት መረጃ ጠይቀው ከፊሉን ተከለከሉ። የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2006 መንግሥት የያዘውን መረጃ ማግኘት ራሱ ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ፈረደላቸው። ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ያንቺ ያን ያህል አይቆይም፣ ግን ይግባኝሽ መብት እንጂ ልመና አለመሆኑን እንድታውቂ ብዬ ነው።

ይግባኝ ወይስ አዲስ ጥያቄ ላልሽው፣ ሁለቱንም። የይግባኝ ቀን ካለፈ አይመለስም፣ ስለዚህ ውሉን በተመለከተ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስገቢ። ጎን ለጎን ጋሼ በዘረዘሩት መሠረት አዲስና ጠባብ ጥያቄ ጻፊ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መልስ፦ ዘጋቢው

ጠባብ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኔ አንዴ «የኦዲት ሪፖርቱ» ብዬ ጠይቄ «እንዲህ ያለ ሰነድ የለም» የሚል መልስ ደረሰኝ። ለካ እነሱ «የፍተሻ ግኝት» ነው የሚሉት። ወራት ባከነብኝ። ስለዚህ ከሰነዱ ስም ቀጥሎ «ወይም በሌላ ስያሜ የተያዘ ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሰነድ» የምትል ሐረግ ጨምሪ። ቀንም ወስኚ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በይ። ሠንጠረዥ ከሆነ በኤክሴል ጠይቂ። በስካን የተነሣ ፎቶ ላይ ቁጥር መደመር ያደክማል።

የመዝገብ ቤት ሰው፦ ልክ ነህ ወንድሜ። እኔም ሥራ ላይ እያለሁ በስም ልዩነት «የለም» የተባለ ጥያቄ አይቻለሁ። ያቺን ሐረግ አትርሺ ልጄ።

የተማሪ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ይግባኝ ስል ልጄ ላይ ቂም ይይዙባት ይሆን?

መልስ፦ የወላጆች ኮሚቴ አባል

እህቴ፣ ፍርሃትሽ የሁላችንም ነው። እኛ የፈታነው አብረን በመፈረም ነው። አሥራ አንድ ወላጆች በአንድ ደብዳቤ ፈረምን። የአንድ ሰው ስም ብቻውን አልቆመም። ደብዳቤውም ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ሥራውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነበር። መምህራኑን አላስቀየምንም፤ እንዲያውም እነሱም ማወቅ ይፈልጉ ነበር።

ሰነዱ ሲመጣ ደግሞ ብቻሽን አታንብቢው። ይህን የተማርኩት ከህንድ ነው። ራጃስታን ውስጥ በ1990ዎቹ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር የመንደር ሰዎችን ሰብስቦ የመንግሥት ሥራዎችን የደመወዝ መዝገብ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ያልሠሩ ሰዎች ስም ተጽፎ ተገኘ፣ የሞቱ ሰዎችም ጭምር። ይህን የሚያውቀው ቢሮ የተቀመጠ ኦዲተር አይደለም፣ ጎረቤት ነው። የ2005ቱ የህንድ ሕግ ከዚያ ንቅናቄ ነው ያደገው። ያ ሕግ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሥራውን ቦታው ድረስ ሄዶ የማየትና የዕቃ ናሙና የመውሰድ መብትም ይሰጣል። እናንተም የሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነዱን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። መስኮቱን ቁጠሩ።

የተማሪ እናት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ዘጠኝ ወላጆች ፈረምን። ይግባኙንም አዲሱንም ጥያቄ አስገባን፣ ቅጂያችን ላይ ማኅተም አስመታን። «ለምን?» ሲሉኝ ጠበቃዋ ያለችኝን አልኩ፣ ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ውሉ ገና ነው፣ ይግባኙ እየታየ ነው ተባልኩ። ግን ሦስት የክፍያ ሰርተፍኬትና የአራት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሰጡን። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው የጠቆረው። ሥራው የቆመው በንድፍ ለውጥ ምክንያት እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። እስካሁን ማንም አልነገረንም ነበር። ሰነዱን አምስት ሆነን አነበብነው። ሦስተኛው ሰርተፍኬት ላይ «ሳይት ላይ ለቀረበ ዕቃ» ተብሎ የጣሪያ ቆርቆሮ ተከፍሏል። ግቢው ውስጥ ግን አንድም ቆርቆሮ የለም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለማን ልናገር?

የመዝገብ ቤት ሰው፦ ረጋ በይ ልጄ። ገና ማንንም አትክሰሺ። ዕቃው ሌላ መጋዘን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ክፍያ ሁለት ወረቀት መኖር አለበት፤ ዕቃው የገባበት ደረሰኝና መሐንዲሱ ለክቶ የፈረመበት ወረቀት። ሁለቱን በሰርተፍኬቱ ቁጥርና ቀን ጠይቂ፣ ዕቃው አሁን የት እንደሚገኝ የሚያሳይ የንብረት መዝገብም ጨምሪ። ካሉ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። «የለንም» ካሉ ያንን በጽሑፍ ያዢ፣ ከሰርተፍኬቱ ጋር አድርገሽ ለኦዲት መሥሪያ ቤት ስጪ።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ደብዳቤው ላይ «ጠፋ» ወይም «ተሰረቀ» የሚል ቃል እንዳይገባ። ሰነዶቹን ብቻ ጥሪ።

የተማሪ እናት፦ እሺ። ማታ ተሰብስበን እንጽፈዋለን፣ ጠዋት ልጄን ሳደርስ አስገባዋለሁ። ገቢ ቁጥሩን እዚህ እነግራችኋለሁ።