ቬትናም ሁዌ ላይ ቀርቻለሁ፣ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ፣ ከሃኖይ ተነስቼ ሁዌ ገብቻለሁ፣ ትናንት ማታ ወደ ሆይ አን የሚወስደኝን አውቶብስ ከፍዬ ስጠብቅ ዝናብ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሳይመጣ ቀረ፣ ትኬቱን የሸጠልኝ ልጅም ስልክ አያነሳም። ቪዛዬ 4 ቀን ነው የቀረው፣ በረራዬ ደግሞ ከሆቺሚን ሲቲ ነው፣ እሱ ከዚህ በባቡር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ በባቡር ዳናንግ ወርጄ ከዛ በታክሲ ሆይ አን ልግባ (ሆይ አን ባቡር ጣቢያ የላትም) ወይስ ትቼያት በቀጥታ ልሂድ? የሃይ ቫን ተራራን በባህሩ ዳር የሚዞረው ሐዲድ በጣም ያምራል ስላሉኝ ልቤ እዛ ነው። ግን የሁዌን ቤተ መንግሥትም ገና ግማሹን ነው ያየሁት፣ ከ1802 እስከ 1945 የንጉዬን ነገሥታት የኖሩበት ነው፣ በጦርነቱ የፈረሰው ቦታ ባዶ ሣር ሆኖ ሳየው ጎንደር ፋሲል ግቢ ትዝ ብሎኝ ሆዴ ባባ።

ሌላው ጾም ላይ ነኝ፣ ዓሣም አልበላም። አትክልት ብዬ ያዘዝኩት ሁሉ የዓሣ ሶስ አለበት፣ ሽታው ከሩቅ ይለያል። "ቻይ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት የነሱ የጾም ምግብ ነው ብላ አንዲት ሴትዮ አሳይታኝ ቶፉ በሩዝ በላሁ፣ እግዜር ይስጣት። ሆይ አን ውስጥ እንደዚህ አይነት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት መወሰን አለብኝ።